ስለ ሊምቡርግ የከሰል ጉድጓዶች መዘጋትና ስለ ሠራተኞቹ ዕድል



በአገራችን «ከሰል» ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለን እንጨት ከስሎ የሚገኘው፣ በጆንያ ተሞልቶ ወደ ገበያ የሚመጣው ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ድንጋይ ከሰል ነው። ይኸውም በጥንት ዘመን የነበሩ ደኖች ከምድር በታች ተቀብረው፣ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ክብደትና ሙቀት ወደ ጥቁር ድንጋይ ተለውጠው የተገኙት ማዕድን ነው። የአውሮፓን ፋብሪካ ያንቀሳቀሰው፣ ባቡሩን የጎተተው፣ ብረቱን ያቀለጠው ይህ ማዕድን ሲሆን፣ ከጥልቅ ጉድጓድ እየቆፈረ ሲያወጣው የኖረው ደግሞ የሰው ክንድ ነው። እንግዲህ ከከሰል የረከሰ ሌላ ነዳጅ በመጣ ጊዜ አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፤ ያ ክንድ ምን ይሁን?

ይህ ጥያቄ ዛሬም በብዙ አገር ያልተፈታ ጥያቄ ነው። መልሱን በሐሳብ ብቻ ከመፈለግ ግን አንድ ጊዜ በእውነት የሆነውን መመርመር ይሻላል። ስለዚህ በሆላንድ አገር በደቡብ ሊምቡርግ አውራጃ የሆነውን ታሪክ ላወጋችሁ አስቤአለሁ። ይህን አውራጃ የመረጥሁት ከሌሎቹ የከሰል አገሮች ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። መንግሥቱ አስቀድሞ መክሮ፣ ዘመን ቆርጦ፣ ቃል ገብቶ የዘጋው በመሆኑ ነው። የታሰበበት ሥራ የት ድረስ እንደሚያደርስ፣ የትም ላይ እንደሚያጥር ከዚህ ታሪክ ማየት ይቻላል። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ደቡብ ሊምቡርግ በቤልጅግና በጀርመን መካከል እንደ ጣት ዘልቆ የገባ ጠባብ ምድር ነው። የቀረው የሆላንድ አገር በአብዛኛው ለጥ ያለ ሜዳ ሲሆን ይህ ክፍል ግን ኮረብታማ ነው። በኬርክራደ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የሮልዱክ ገዳም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ከሰል ያስቆፍር ነበር። ነገር ግን ሥራው በትልቁ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1896 ወደ ሄርለን ከተማ ከገባ በኋላ ነው። በ1899 ኦራንየ ናሳው የተባለው ማዕድን ማውጫ ከሰል መስጠት ጀመረ። ከግሎቹ ማዕድን ማውጫዎች አብዛኞቹ የውጭ አገር ባለገንዘቦች የያዟቸው ስለ ነበሩ፣ መንግሥቱ የአገሩን ነዳጅ በባዕድ እጅ ብቻ መተው አልወደደም። ስለዚህ በ1902 በሕግ የራሱን የማዕድን ድርጅት አቋቋመ። እያደር አራት የመንግሥትና ስምንት የግል፣ በድምሩ 12 ማዕድን ማውጫዎች ሥራ ላይ ዋሉ።

ገበሬው አውራጃ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የማዕድን አገር ሆነ። በ1900 ግድም ከሰባት ሺህ የማይበልጥ ነዋሪ የነበራት ሄርለን በ30 ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ አደገች። ሠራተኞች ከሰሜን ሆላንድ፣ ከጀርመን፣ ከፖላንድ፣ ከስሎቬንያ፣ ከጣልያን፣ በኋላም ከሞሮኮ መጡ። ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰበ ሕዝብ ያለ ቤትና ያለ ዘመድ ሲከማች ጠባዩ እንደሚበላሽ ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። ከነዚህም አንዱ ዶክተር ሄንሪ ፑልስ የተባሉት የካቶሊክ ካህን ናቸው። እርሳቸው በመሩት ሥራ የሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ጓሮ እየተጨመረላቸው ተሠሩ፤ የሠራተኞችም ማኅበር በረታ። የማዕድን ሠራተኛው ከሥራው ጋር ቤት፣ ማኅበር፣ የሕክምና መረጃ፣ የእግር ኳስ ቡድንና የሙዚቃ ጓድ አገኘ። እርስ በርሳቸው የሚጠሩበትም ስም «ኩምፐል» የሚል ሲሆን፣ ትርጓሜው ጓድ ማለት ነው።

ሥራው ግን ከባድ ነበር። በብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት፣ ሙቀት በበረታበት ጨለማ ውስጥ፣ የከሰሉ ንብርብር በቀጠነበት ቦታ ሰውየው በጎኑ ተጋድሞ ወይም ተንበርክኮ ይቆፍር ነበር። የመቆፈሪያው መሣሪያ የሚያስነሣው የድንጋይ ትቢያ ወደ ሳንባ እየገባ ይጠራቀማል፤ ብዙዎችም ጡረታቸውን ያሳለፉት አየር እያጠራቸው ነበር። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን ስናነሣ ክብሩን ብቻ አንሥተን ትቢያውን ልንሸሽግ አይገባም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሆላንድ ሕዝብ በብርድ በተቸገረ ጊዜ የከሰል ሠራተኛ የአገር ባለውለታ ተባለ። መንግሥቱ ወጣቶች ወደ ጉድጓድ እንዲወርዱ ይቀሰቅስ ነበር። ማዕድን ማውጫዎቹም የራሳቸውን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶች ከፍተው ልጆችን ያሠለጥኑ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት በየዓመቱ ወደ 12 ሚሊዮን ቶን ያህል ከሰል ይወጣ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ አባት ልጁን ወደ ማዕድን ትምህርት ቤት ሲያስገባ፣ ለልጁ የዕድሜ ልክ እንጀራ ያገኘለት ይመስለው ነበር።

ይህ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለወጠ። ከ1958 ጀምሮ በምዕራብ አውሮፓ ያልተሸጠ ከሰል ይከመር ጀመር። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የአሜሪካ ከሰል በወፍራም ንብርብርና በትልልቅ መኪና ስለሚወጣ፣ የመርከቡም ኪራይ ስለ ቀነሰ፣ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ እንኳ ከአውሮፓው ከሰል ረከሰ። ሁለተኛ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጣው የነዳጅ ዘይት በዋጋም፣ በአያያዝም ከከሰል በለጠ። በሆላንድ ግን ሦስተኛ ምክንያት ተጨመረ። በጁላይ 22 ቀን 1959 በሰሜን አገር፣ በግሮኒንገን አውራጃ፣ በስሎክተረን አጠገብ ከአንድ ገበሬ እርሻ በታች የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። መጀመሪያ ትንሽ መስሎ ነበር፤ ሲመረመር ግን መጠኑ ከ2,700 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ መሆኑ ታወቀ። ይህም በዓለም ከታወቁት ትልልቅ የጋዝ ሥፍራዎች አንዱ ሆነ።

በዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ከሰል በእያንዳንዱ ቶን የሰው ላብ አለበት፤ ጋዙ ግን በራሱ ግፊት ከምድር ይወጣል፣ በቧንቧም ተጉዞ እስከ ማድቤት ይደርሳል። ከሰሉን ለማውጣት 45 ሺህ ያህል ሰዎች ሲያስፈልጉ፣ ጋዙን ለማውጣት የሚያስፈልጉት ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አዲሱ ነዳጅ የአሮጌውን ነዳጅ ሠራተኞች ሊቀጥር አይችልም ነበር። የረከሰበትም ምክንያት ይኸው ነው። እንዲሁም ጋዙን ለማውጣት በተቋቋመው ሽርክና ውስጥ 40 በመቶውን ድርሻ የያዘው ያው የመንግሥት የከሰል ድርጅት ነበር። ድርጅቱ በአንድ እጁ የከሰሉን ዕዳ፣ በሌላው እጁ የከሰሉን ጠላት ይዞ ቆመ ማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዲሴምበር 17 ቀን 1965 የኢኮኖሚ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዮፕ ዴን ኦይል ወደ ሄርለን ሄደው፣ በከተማዋ ቴያትር ቤት ለተሰበሰቡት የሠራተኞች ወኪሎችና የአገር ሹማምንት ንግግር አደረጉ። የንግግራቸውም ፍሬ ነገር፣ ማዕድን ማውጫዎቹ ደረጃ በደረጃ እንደሚዘጉ፣ ነገር ግን በምትኩ ሌላ ሥራ ሳይዘጋጅ ሠራተኛው እንደማይተው የሚያስታውቅ ነበር። በጊዜው በማዕድን ማውጫዎቹ የሚሠሩት 45 ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ በዙሪያው ባሉት ሥራዎች ደግሞ 30 ሺህ ያህል ሰዎች በእነርሱ ላይ ተመርኩዘው ይኖሩ ነበር። የካቶሊክ ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበሩት ፍራንስ ዶመን ሐሳቡን ደገፉ። ሠራተኛውም በሰልፍ አልተነሣም።

ስለ ምን ዝም አለ? ፈርቶ ነው ማለት አይቻልም። በየዓመቱ የሚደርሰውን ኪሣራ ሰምቶአል፤ የማኅበሩን መሪዎች ያምናል፤ ከሁሉም በላይ ቃል ተገብቶለታል። በዚያው ወራት ድንበር ተሻግሮ በቤልጅግ፣ በሄንክ ከተማ፣ የዝዋርትበርግ ማዕድን ማውጫ ሊዘጋ ነው በተባለ ጊዜ ሕዝቡ ተቈጥቶ ወጣ። በጃንዋሪ 31 ቀን 1966 በተነሣው ግጭት ሁለት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው ርቀት ጥቂት ነው። የለያያቸው አንደኛው አስቀድሞ የተነገረውና ተስፋ የተሰጠው መሆኑ፣ ሌላው ግን በድንገት የወደቀበት መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ነገር ተሠራ። የመንግሥት ማዕድን ድርጅት ከ1930 ግድም ጀምሮ ከከሰል ጋዝ ማዳበሪያ የሚሠራበት ፋብሪካ ነበረውና፣ ይህን የኬሚካል ሥራ አስፍቶ ራሱን ወደ ኬሚካል ኩባንያ ለወጠ። በኋላ ዲ ኤስ ኤም በሚባለው ስም የታወቀው ኩባንያ ሥሩ ይህ ነው። በቦርን ከተማ የዳፍ መኪና ፋብሪካ ተከፈተ። መንግሥቱ የሠራተኞቹን የጡረታ ገንዘብ የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤትና የስታቲስቲክስ ቢሮውን አንድ ክፍል ወደ ሄርለን አዛወረ። በማስትሪክት ከተማ በ1976 አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የአውሮፓ የከሰልና የብረት ማኅበር ሠራተኞች ሌላ ሙያ እንዲማሩ በገንዘብ ረዳ።

መዝጋቱ ግን ከመክፈቱ ፈጠነ። ትልቁ የማውሪትስ ማዕድን ማውጫ ንግግሩ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1967 ተዘጋ። ሌሎቹም በየተራ ተከተሉ። በዲሴምበር 31 ቀን 1974 የሥራው መጀመሪያ የነበረው ኦራንየ ናሳው በመጨረሻ ተዘጋ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የአንድ አውራጃ መተዳደሪያ ተጠናቀቀ ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል መውጣቱ ነው። ከሰል እንደገና ተፈላጊ መሰለ። ነገር ግን የተዘጋ ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፤ የተበተነም ሠራተኛ በአንድ ቀን አይሰበሰብም።

ቃሉ ተፈጸመን? በሐቅ ለመመለስ፣ በከፊል ተፈጸመ ማለት ያስፈልጋል። አዳዲስ ሥራዎች መጡ፤ ነገር ግን የጠፋውን ያህል አልሆኑም። የአውራጃውም ሥራ አጥ ብዛት እስከ 1980ዎቹ ድረስ ከሌላው አገር በልጦ ኖረ። ለዚህም ሦስት ምክንያት እናገኛለን።

አንደኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። አዲሶቹ ፋብሪካዎች ሊስፋፉ በሚገባቸው ሰዓት ከ1973 በኋላ በመላው አውሮፓ ኢኮኖሚው ቀዘቀዘ። የመዝጊያው ቀን በመዝገብ የተቈረጠ ሲሆን የመክፈቻው ቀን ግን በገበያው ፈቃድ የሚወሰን ነበር። ሁለተኛው የሰው ጉዳይ ነው። ለ25 ዓመት ከመሬት በታች የቆፈረ፣ አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው፣ የጡረታ ቢሮ በከተማው ስለ ተከፈተለት ብቻ የሒሳብ ጸሐፊ አይሆንም። በቁጥር ሲታይ አንድ ሥራ ጠፍቶ አንድ ሥራ ተተክቶአል፤ ሰውየው ግን በሁለቱ መካከል ቀርቶአል። አዲሱን ወንበር የተቀመጠበት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው፣ ምናልባትም ከሌላ አገር ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የተዛወረ ሰው ነው። ሦስተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። በ1967 ሥራ ለመሥራት ለማይችሉ ሰዎች አበል የሚሰጥ አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ብዙ የማዕድን ሠራተኞች በዚህ ሕግ መሠረት አበል ተቈርጦላቸው ቤታቸው ተቀመጡ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በእርግጥ የታመሙ ነበሩ። ሌሎቹ ግን ገና ጉልበት ያላቸው ሲሆኑ ቀላሉ መንገድ ይህ ስለ ሆነ «አቅመ ቢስ» ተብለው ተመዘገቡ። አልተራቡም፤ ነገር ግን ሰው በደኅና ዕድሜው አቅመ ቢስ ተብሎ ሲጻፍ የሚጐዳው ሆዱ አይደለም።

በአውራጃው ላይ የደረሰውን ስንመለከት ደግሞ፣ መንግሥቱ «ከጥቁር ወደ አረንጓዴ» ባለው ዕቅድ የጉድጓዶቹን ማማዎች፣ የትቢያውን ኮረብቶችና የጭስ ማውጫዎቹን አስወገደ። ሕዝቡ «ረጅሙ ዮሐንስ» እያለ የሚጠራው የሄርለን ታላቅ ጭስ ማውጫ በ1976 ፈረሰ። መሬቱን ማጽዳት መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አባቶቹ የደከሙበት ነገር ሁሉ እንደ ነውር ተጠርጎ ሲወሰድ ያየ ትውልድ፣ እኛስ ምን ነበርን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በኋላ ዓመታት ሄርለን በሄሮይን ሱስ ስሟ የሚነሣ ከተማ ሆና ነበር። ለዚህ ክፉ ነገር ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ የሥራ መጥፋትና የማኅበር መፍረስ ከውስጡ እንደሚቈጠሩ አያጠራጥርም።

አንዳንድ ሰው «እንዲያውስ ባይዘጉ አይሻልም ነበርን?» ሊል ይችላል። ለዚህ ሌሎች አገሮች የሄዱበትን መንገድ እንይ። በእንግሊዝ አገር ነገሩ በትግል ተፈታ። ከማርች 1984 እስከ ማርች 1985 ድረስ በተደረገው ታላቅ አድማ ሠራተኞቹ ተሸነፉ። ከአድማው በፊት ከ170 ሺህ በላይ የነበሩት የከሰል ሠራተኞች ከአሥር ዓመት በኋላ ከ20 ሺህ በታች ሆኑ። የመጨረሻው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ኬሊንግሊ፣ በዲሴምበር 2015 ተዘጋ። በጀርመን አገር ደግሞ ነገሩ በገንዘብ ተፈታ። በ1957 ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ የነበረው የድንጋይ ከሰል ሥራ በመንግሥት ድጎማ ቀስ እያለ ቀነሰ። በ2007 ድጎማው በ2018 እንዲያበቃ ተወሰነ፤ በዲሴምበር 21 ቀን 2018 በቦትሮፕ ከተማ የመጨረሻው ጉድጓድ፣ ፕሮስፐር ሃኒየል፣ በሥነ ሥርዓት ተዘጋ። ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ጉድጓድ እየተዛወሩ ወይም ቀደም ብለው በጡረታ እየተገለሉ ስለ ወጡ በጅምላ አልተባረሩም። ወጪው ግን በብዙ አሥር ቢሊዮን የሚቈጠር ነበር። እንግዲህ በትግልም፣ በገንዘብም፣ በዕቅድም የጉድጓዱ መጨረሻ አንድ ነው። ልዩነቱ ሰውየው ከጉድጓዱ የወጣበት አኳኋን ነው።

የሊምቡርግን ከሰል ያሸነፈው ጋዝ ራሱስ ምን ሆነ? ጋዙ በወጣ ቁጥር ምድሩ እየሰመጠ በግሮኒንገን የመሬት መንቀጥቀጥ ይነሣ ጀመር። በኦገስት 2012 በሀውዚንገ መንደር የተሰማው መጠኑ 3.6 ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ከመሬቱ ገጽ ብዙ ሳይርቅ የሚነሣ በመሆኑ የብዙ ሰው ቤት ተሰነጠቀ። በኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጋዝ ማውጣቱ ቆመ፤ በ2024 በሕግ ለዘለቄታው ተዘጋ። አሸናፊ የተባለው ነዳጅ የቆየው 60 ዓመት ያህል ነው። በሌላ በኩል በሄርለን ከ2008 ጀምሮ፣ የተዘጉትን ጉድጓዶች የሞላው ለብ ያለ ውሃ እየተሳበ ቤቶችንና መሥሪያ ቤቶችን ለማሞቅ ያገለግላል። ሞተ የተባለው ጉድጓድ ሙቀት ይሰጣል፤ ዘላለማዊ የመሰለው ጋዝ ግን ተዘግቶአል። ከዚህ የምንረዳው፣ አንድን ሕዝብ ሙሉ በሙሉ በአንድ ነዳጅ ላይ ማሳፈር፣ ነዳጁ ርካሽም ቢሆን፣ አደጋ መሆኑን ነው።

ዛሬ የከሰል ተወዳዳሪ ፀሐይና ነፋስ ሆነዋል። ከ2010 ወዲህ ባለው ከአሥር ዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከፀሐይ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ዋጋ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ቀንሶአል። ጥያቄውም ወደ አህጉራችን ደርሶአል። በደቡብ አፍሪካ በምፑማላንጋ አውራጃ የሚገኘው፣ በከሰል የሚሠራው የኮማቲ የኤሌክትሪክ ጣቢያ በኦክቶበር 2022 ተዘጋ። ቦታው የፀሐይና የነፋስ ኃይል እንዲያመነጭ፣ ሠራተኛውም እንዲሠለጥን ከዓለም ባንክ 497 ሚሊዮን ዶላር ተፈቅዶለታል። ነገር ግን ጣቢያው ሲዘጋ አዲሱ ሥራ ገና ስላልደረሰ የአካባቢው ሕዝብ አዝኖ አቤቱታ አሰምቶአል። በዚያች አገር የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ወደ 90 ሺህ ይጠጋሉ። የኮማቲ ቅሬታ በ1970ዎቹ በሊምቡርግ ከተሰማው ቅሬታ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ መዝጊያው ቀደመ፣ መክፈቻው ዘገየ።

ክቡራን አድማጮች፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው የአባቶች ብሂል ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል። የሊምቡርግ ሹማምንት ከብዙ ሌሎች ይልቅ መጥነው ደቁሰዋል፤ ስለዚህም ደም ሳይፈስ፣ ሰው ሳይራብ ሥራው አልፎአል። የጐደላቸው የሥራውን ቁጥር እንጂ ሠራተኛውን በስሙና በዕድሜው አለመቍጠራቸው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ውሳኔ በሚያዘጋጅበት ጊዜ፣ የሚዘጋበት ቀንና አዲሱ ሥራ የሚከፈትበት ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጐን ለጐን ሊጻፉ ይገባል። አንዱ ሲዘገይ ሌላውም እንዲዘገይ መታሰር አለበት። ደግሞም በወረቀቱ ላይ «ምትክ ሥራ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ምትኩ ለማን እንደሆነ ከጐኑ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለዐርባ አምስት ዓመቱ ቆፋሪ ነው፣ ወይስ ገና ትምህርት ቤት ላለው ልጁ? ሁለቱም ይገባቸዋል፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ መላው ሕዝብ ይጠቀማል፤ የመውረዱን ዋጋ የሚከፍለው ግን አንድ አውራጃ ነው። ለብዙዎች ጥቅም ጥቂቶች ከተጐዱ፣ ብዙዎቹ ለጥቂቶቹ ዕዳ አለባቸው። ይህ ዕዳ እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ማንኛውም የመንግሥት ዕዳ በበጀት ተመዝግቦ፣ በጊዜው ሊከፈል ይገባል።